ከመስመሩ ወዲያ ያለው ቤት

የምርጫ መዝጋቢው ሆሊስ ፕሩት ከገዛ ጠረጴዛው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የካውንቲውን ማኅተም የሚመታበት ከባድ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ማጅራቱን ያገኘው እሱ መሆኑን ለማወቅ ሐኪም መጥራት አላስፈለገም። ሰዓቱ ከረፋዱ አምስት ነበር።

ዕለቱ በአሜሪካ በሚሲሲፒ ግዛት የያሎታ ካውንቲ የልዩ ምርጫ ቀን ነው። ፍርድ ቤት የምርጫ ክልሎች ወሰን እንደገና እንዲካለል አዝዞ፣ መስመራቸው ከተነካ ክልሎች በጥቂቶቹ ብቻ ለግዛቱ ምክር ቤት ድምፅ ይሰጥ ነበር። ዝናቡ ግን ሦስት ቀን አላባራም። መርማሪ ቬልማ ራንኪን ወደ ካውንቲው ሕንፃ በገባች በሩብ ሰዓት ውስጥ ወንዙ ድልድዩን ዋጠው። የካውንቲው ፖሊስ ሹም ሸሪፍ ዳንከን የውጭውን በር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

«ማንም አይወጣም። አንቺም ብዙ አትድከሚ፣ ቬልማ» አላት። «ገዳይዋ ያቻት። ውሃው እንደጎደለ አሻግሬ እስር ቤት አስገባታለሁ።»

ያቻት ያላት የሟቹን ረዳት ላቮን ስታክስን ነው። የቢሮው ቁልፍ አላት፣ ጠዋት ከአለቃዋ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች፣ ሬሳውንም ያገኘችው እሷ ናት። ዳንከን አንዴ የጻፈውን የሚሰርዝ ሰው አይደለም። ቬልማ ያላት ጊዜ ውሃው እስኪጎድል ብቻ ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?» አለቻት።

«በዚህ ነዋ» አለች ላቮን፣ ግድግዳው ላይ ወዳለው ካርታ በአገጯ እየጠቆመች። «አዲሱ መስመር ሚል ሮድን መሃል ለመሃል ሰንጥቆታል። በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ያለው ቤት ዛሬ ይመርጣል፤ ማዶው ወደ ሌላ ክልል ሄዷል፣ እዚያ ደግሞ ምርጫ የለም። አዲስ የመራጭ ካርድ በፖስታ ልከናል፣ ግን ማን ከፍቶ ያያል? እሳት አደጋው ግቢ ያለው ምርጫ ጣቢያ ጠዋት ሙሉ ሽማግሌ ሲመልስና ሲሰደብ ነው ያረፈደው። ቤት ለቤት ሰው እንላክ ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም።»

«ከዚያስ?»

«አራት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ወረድኩ። የወረቀት ሳጥን ስፈልግ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ስመለስ…»

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ከአረጋውያን መጦሪያ በፖስታ የመጣ የሠላሳ አንድ ሰው ድምፅ ነው። ቬልማ ፖስታዎቹን ደርድራ ፊርማዎቹን አየች፤ ሁሉም ወደ ግራ ያዘነብላሉ። ሁለተኛው ድምፅ የሰጠ ሁሉ ከጣቢያው ተቀብሎ ደረቱ ላይ የሚለጥፈው፣ «መርጫለሁ» የሚል ተለጣፊ ጥቅልል ነው። ጫፉ በችኮላ ተቦጭቆ የአንዱ ጠርዝ እዚያው ቀርቷል።

«ለጣቢያዎቹ ማለዳ አከፋፍለን የተረፈው ነው» አለች ላቮን። «እኔ ስወርድ ገና ከነማሸጊያው ነበር።»

ወንበሩን ላለማጣት የሚወዳደረው ዌይድ ክራምተን ያን ሰዓት ፎቅ ላይ ሆኖ በስልክ ለአካባቢው ሬዲዮ ሲናገር ነበር። «አገር ሁሉ ሰምቶኛል» አለ። «ወሬዬ ለአንድ ቀን እንኳ ጠቀመኝ።» ተቀናቃኙ ኮሪን ቲልማን ከሃያ ሰው ጋር ትምህርት ቤት አርፍዳ ነው የመጣችው። የቀሩት አባቷ፣ ሽማግሌው አሞስ ናቸው። ቬልማን በአሥራ ስምንት ዓመቷ እጇን ይዘው ለመራጭነት ያስመዘገቧት እሳቸው ናቸው።

«ጋሽ አሞስ፣ ከአራት እስከ አምስት የት ነበሩ?»

«የት እሆናለሁ ልጄ? እሳት አደጋ ጣቢያ ተሰልፌ። ለልጄ ድምፄን ሰጥቼ መጣሁ።» ኮታቸው ላይ ያለውን ተለጣፊ መታ መታ አደረጉ።

«ቤትዎ አሁንም እዚያው ነው?»

«ሚል ሮድን ትቼ ወዴት ልሂድ? በመስኮቴ ማዶ የቤተ ክርስቲያኑን በር እያየሁ አረጀሁ እኮ።»

ቬልማ አንገቷን ደፋች። ጥያቄውን ባልጠየቅኩት ብላ ተመኘች። ወጥታ ወደ ምርጫ ጣቢያው ስልክ ደወለች፤ ከዚያ ሁሉንም መዝጋቢው ቢሮ ሰበሰበች። ሬሳው ወደ ሌላ ክፍል ተወስዷል። የዳንከን ሬዲዮ ውሃው መጉደል መጀመሩን አወራ፤ ላቮን እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ሸሸገች።

«ሆሊስ የተገደለው በእነዚህ ፖስታዎች ምክንያት ነው» አለች ቬልማ። «ሠላሳ አንዱንም የፈረመው አንድ እጅ ነው። ሆሊስ ደርሶበታል። ገዳዩ ከዚህ ሲወጣ የት ነበርክ መባሉ እንደማይቀር ያውቃል። ስለዚህ ከጥቅልሉ አንድ ተለጣፊ ቦጨቀ።»

«ላቮንም መቦጨቅ ትችላለች» አለ ዳንከን።

«በላቮን ደረት ላይ ምንም የለም። ጋሽ አሞስ፣ የእርስዎ ጠርዙ ጎድሏል።»

«ከጣቢያው ሲሰጡኝ ነው የተቀደደው» አሉ ሽማግሌው።

«ጣቢያው ለእርስዎ አይሰጥም። ከቤተ ክርስቲያኑ ማዶ ነው የሚኖሩት። ያ ወገን ዛሬ ምርጫ የለውም፤ ስምዎ መዝገቡ ላይ የለም። ተሰልፈው ቢሆን ኖሮ ይመልሱዎት ነበር፣ ጩኸትዎም እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ከተመለሱት ሰዎች ስም ውስጥም የሉም። ጠይቄያለሁ።»

ኮሪን ቀስ ብላ ተነሳች።

«አባዬ፣ ካርድህስ? የተላከልህ ፖስታ?»

«መኪናው ውስጥ ነው። አልከፈትኩትም። የሌላ ሰው፣ የመጦሪያዎቹን አረጋውያን ካርድ ሳነብ ነው የከረምኩት።»

«ፊርማዎቹስ?»

«እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ፈረምኩላቸው እንጂ አንቺኑ ነበር የሚመርጡት። እስከ ማታ ዝም በለኝ ብዬ ሆሊስን ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልኩን አነሳ። ብረቱ እጄ ሥር ነበር። ከዚያ ወጥቼ ልመርጥ ነበር። ግን ከግቢው መውጣት አቃተኝ።»

ኮሪን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዳንከን ላቮንን ሳያይ ካቴናውን አወጣ፤ ይቅርታ አልጠየቃትም።

ሲወስዷቸው አሞስ ካርታው ጋ ቆሙ።

«ላቮን» አሉ፣ «ቤቴን አሳዪኝ።»

በእሳቸው ጥፋት ስትታሰር ዝም ብለው ሊያዩ የነበሩት ላቮንን ነው። ቬልማ ትሰድባቸዋለች ብላ ጠበቀች። ላቮን ግን እንባዋን ጠርጋ ተነሳች፤ ጣቢያው ጠዋት ሙሉ ለሌሎቹ ሲናገር ያረፈደውን በጣቷ አሳየቻቸው።

«ይኸው፣ ጋሽ አሞስ። ቤትዎ ከመስመሩ ወዲያ ነው።»

ብዙ ቆመው አዩት። ከዚያ በታሰረው እጃቸው ተለጣፊውን ከኮታቸው ላይ ላጡና ጠረጴዛው ላይ ከጥቅልሉ አጠገብ አስቀመጡት።