ወደ ምዕራብ የዞረው ዲሽ

ከአቶ ኪዳነወልድ ሬሳ ጋር ከባምባሲ የመጣው ወረቀት «ዲሽ ሊያዞሩ ወጥተው፣ መሰላል ተሰብሮባቸው ወድቀው የሞቱ» ይላል። ኢንስፔክተር የወርቅውሃ አንብባ አላመነችም። እርግጥ እሷ ወረቀት አምና አታውቅም፤ የገዛ ልደት ካርዷን ሁለት ጊዜ አጣርታለች እያሉ የአሶሳ ባልደረቦቿ ያሟታል። በአሶሳ ሆስፒታል ጓንት አጥልቃ የሟቹን ማጅራት ስትገልጥ፣ ከደረቀው ደም ጋር ተጣብቆ አረንጓዴ ነገር አየች። በጣቷ ፈተገችው። ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ነበር።

«የወደቁት የት ነው ተባለ?»

«ጓሯቸው፣ ሲሚንቶ ላይ» አላት ሐኪሙ።

ሲሚንቶ ላይ የወደቀ ሰው ሰጋቱራ ከየት ያመጣል? እሑድ ማለዳ ነበር፤ ቁርሷን ሳትበላ መኪናዋን ወደ ባምባሲ አስነሳች።

ሳጅን ዳበሳ ጣቢያው በር ላይ ፈገግ ብሎ ጠበቃት። ሥራውን ጨርሶ ምስጋና የሚጠብቅ ሰው ፈገግታ ነው።

«በከንቱ ደከሙ፣ ኢንስፔክተር። ተጠርጣሪው ተይዟል። ሻዕባን ይባላል፣ ዲሽ ሠራተኛ ነው። የተሰበረው መሰላል የሱ ነው፤ እርከኑን ሆን ብሎ አዳክሞታል ብለን ጠርጥረናል። ዓርብ ማታ ከሟቹ ጋር ሲጯጯኹ የሰማ ምስክር አለ። ስድስት ሰዓት ላይ ወደ አሶሳ እናስተላልፈዋለን።»

«ምስክሩ ማን ነው?»

«አቶ ደባልቄ፣ የድሮው የባቡር ነጂ። የተከበሩ ሰው ናቸው።»

ሻዕባን በእስር ክፍሉ ጥግ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ስታነጋግረው ተነስቶ ቆመ።

«ወላሂ እኔ ሰው አልገደለም። መሰላል የኔ ነው፣ አዎ። ሦስት ሳምንት በፊት እዚያ ሥራ ሠራሁ። የሱ ልጅ ማናለብሽ 'ይቆይ፣ ጣሪያ እጠርጋለሁ' አለኝ፣ ተውኩት።»

«ዓርብ ከአባቷ ጋር በምን ተጣላችሁ?»

«ጠብ አይደለም፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው፣ የባቡር። ጣቢያው ዐረብኛ ይጽፋል፣ እኔ አነባለሁ፣ አቶ ኪዳነወልድ ደብተር ላይ ያሰፍራል። የሐሙሱ ፕሮግራም ድጋሚ እሑድ አምስት ሰዓት ነው አልኩት። እሱ አራት ሰዓት ነው አለ። ጮኽን። ከዚያ ሳቅን።»

«እሑድ ማለት ዛሬ?»

«ዛሬ» አለ፤ ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ሚስቴ ወሩ ገብቷል። እኔ አሶሳ ከሄድኩ ቤት ማንም የለም።»

የወርቅውሃ ሰዓቷን አየች። ሦስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ይህ ሰው እየዋሸ ከሆነ በደንብ የተለማመደ ውሸታም ነው፤ እየዋሸ ካልሆነ ደግሞ ሦስት ሰዓት ብቻ ቀርቶታል።

ለቅሶ ቤቱ ድንኳን ተጥሏል። የሟቹ ልጅ ማናለብሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ፣ ኢንስፔክተሯን ወደ አባቷ ክፍል አስገባቻት። የወርቅውሃ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

ክፍሉን የሞላው የብረት ጠረጴዛ ነው። በላዩ ላይ ከአጥር ሽቦ የተሠራ ሐዲድ ይዞራል፤ ከሰርዲን ቆርቆሮ የተሠሩ ፉርጎዎች ቆመውበታል። የካርቶን ጣቢያ አለ፣ ዋሻ አለ፣ ድልድይ አለ። ሜዳው ሁሉ አረንጓዴ ቀለም የተነከረ ሰጋቱራ ለብሷል። በባቡሩ ራስ፣ በሎኮሞቲቩ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ የጠመጠመ የእንጨት ነጂ ተቀምጧል።

«ድሮ ለገሃር የባቡር ጥገና ሠራተኛ ነበር» አለች ማናለብሽ። «እዚህ ባቡር የለም። ስለዚህ በቴሌቪዥን ያድነዋል። አራት ዓመት ሙሉ አደነው።»

ደብተሩን አቀበለቻት። የወርቅውሃ ገለጠችው፦ ጣቢያ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ከጎኑ ደግሞ የሽማግሌው ፍርድ። «የጠረጴዛ ባቡር፣ የጀርመን፣ እጅግ ጥሩ።» «አስተዋዋቂው ያወራል እንጂ ባቡሩን አያሳይም።» «ዋሻ ብለው ተስፋ ሰጥተው ዋሻ የለም።» ሳትፈልግ ሳቀች። የመጨረሻው ቅጠል ግን ተገንጥሏል። ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለው ሪሲቨርም ፍላሽ የሚሰካበት ቦታው ባዶ ነው።

«ፍላሹስ?»

«ሁሌም እዚያው ነበር። የሚወደውን ይቀዳበታል።»

የወርቅውሃ የጠረጴዛውን ዙሪያ በቀስታ ዞረች። በበሩ በኩል ባለው ማዕዘን ላይ መዳፍ በሚያህል ስፋት ሣሩ ተፍቆ፣ ብረቱ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሏል። የቀረው ጠረጴዛ አቧራ አለበት። በሩ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ ጓሮ ነው።

«ትናንት አንቺ የት ነበርሽ?»

«ገበያ። አሥራ አንድ ሰዓት ስመለስ መሰላሉ ሥር አገኘሁት። የብሎን ቁልፍ በእጁ ይዞ።»

አቶ ደባልቄ ከድንኳኑ በክብር ተነስተው መጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ደልደል ያሉ፣ በአንገታቸው ቀይ ሻሽ ያደረጉ ናቸው። የግራ ጆሯቸው ጫፍ የለም። የወርቅውሃ ጆሯቸውን ስታይ አዩዋት፤ ታሪኩም ሳይጠየቅ መጣ።

«አዋሽ ድልድይ ላይ ነው፣ ልጄ። የሽፍታ ጥይት። ደም እየፈሰሰኝ ፍሬኑን እንዲህ አድርጌ ይዤ» ብለው በግራ እጃቸው አየሩን ሳቡ፤ «አንድ መንገደኛ ሳይጎዳ ድሬዳዋ አገባኋቸው።»

«ትናንትስ ምን አዩ፣ አባት?»

«ማየት እንኳ አላየሁም፤ ሰማሁ። ዓርብ ማታ ነው ከወንበራ የተመለስኩት፤ ደብረ ዘይት ልጄ ዘንድ ወር ከርሜ። የቢሾፍቱው አይደለም፣ የኛው፣ የወንበራው ደብረ ዘይት። ትናንት ዘጠኝ ተኩል ላይ በአጥሩ ማዶ ሳልፍ ኪዳነወልድ 'ይህች ልጅ ለድራማዋ ብላ ዲሹን ደግሞ ወደ ምሥራቅ አዙራብኛለች፤ ልመልሰው ነው' እያለ መሰላሉን ሲወጣ ሰማሁት። ተው አልኩት። እምቢ አለ። የዚህን ዲሽ ጠብ የማያውቅ ጎረቤት የለም፤ ምሥራቁ ለሷ የአገር ውስጥ ጣቢያ ነው፣ ምዕራቡ ለሱ የውጭ።»

«ቤትስ አልገቡም?»

«አልገባሁም።»

አመስግና አሰናበተቻቸው። ከዚያ ሳጅን ዳበሳ መሰላሉን ደግፎ እንዲይዝላት አድርጋ፣ የተሰበረውን እርከን ዘላ ጣሪያው ላይ ወጣች። ዲሹ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ዞሯል። ማዞሪያው ብሎን ላይ ተርብ የጭቃ ቤቱን ሠርቶበታል፤ ጭቃው ደርቆ ድንጋይ መስሏል፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም። ወደ ታች ብታይ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ መሬት ላይ የተተከለ ሌላ ትንሽ ዲሽ ወደ ምሥራቅ አንጋጦ ቆሟል።

«ሳጅን» አለች ከላይ ሆና፣ «ሻዕባንን አምጣልኝ። ጎረቤቶቹንም አምስት ሰዓት ላይ ባቡሩ ክፍል ሰብስብ።»

አምስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ክፍሉ ሞላ። ማናለብሽ ከጠረጴዛው ራስጌ፣ ሻዕባን እጁ በካቴና ታስሮ በሩ አጠገብ፣ አቶ ደባልቄ ደግሞ በብቸኛው ወንበር ላይ ናቸው። የወርቅውሃ ሪሞቱን ስታነሳ ከወንበሩ ተቃውሞ ተሰማ።

«ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን ይከፈታል? ሬሳው እንኳ ገና አልተቀበረም። ነውር ነው።»

ሽማግሌዎቹ በጉምጉምታ ደገፏቸው። እውነታቸውን ነበር።

«ነውር መሆኑን አውቃለሁ» አለች የወርቅውሃ፣ «ይቅርታ አድርጉልኝ። ግን የታሰረ ሰው አለ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አቶ ኪዳነወልድ ከጣሪያ አልወደቁም። ቁስላቸው ውስጥ ይህ የጠረጴዛው ሣር ነበረበት። ያ ማዕዘንም ታጥቧል። የሞቱት እዚህ ክፍል ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ጓሮ ተወስደው የብሎን ቁልፍ እጃቸው ውስጥ ተደረገ፣ የመሰላሉም እርከን ተሰበረ።»

ማናለብሽ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ይህን ያደረገ ሰው ለምን ዲሽ መረጠ? የአባትና የልጅን የዲሽ ጠብ ስለሚያውቅ ነው። ማናለብሽ፣ ትንሹ ዲሽ መቼ ተተከለ?»

«ሦስት ሳምንቱ። ሻዕባን ነው የተከለልኝ። ድራማዬን በክፍሌ አያለሁ፣ የአባዬ ዲሽም ወደ ምዕራብ እንደዞረ ቀረ። ያን ቀን ታረቅን።»

«ብሎኑ ላይ ያለው የተርብ ቤት ይህንኑ ይመሰክራል፤ ዲሹን ሰው ከነካው ሰንብቷል። እንግዲህ አስቡት። ጠቡን የሚያውቅ፣ እርቁን ግን የማያውቅ ማን ነው? ማናለብሽ ታውቃለች። ሻዕባን በገዛ እጁ የተከለው ነው፤ ለማሳሳት ቢፈልግ ይህን ውሸት አይመርጥም። እናንተም ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠብ ስላልሰማችሁ አውቃችኋል። አንድ ሰው ብቻ ነው ወሩን ሙሉ እዚህ ያልነበረው። ያ ሰው ደግሞ 'ማናለብሽ ወደ ምሥራቅ አዙራብኛለች' የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ ብሎኛል።»

ማንም ወደ ወንበሩ ዞሮ ለማየት አልደፈረም። አቶ ደባልቄ ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«ሽማግሌ ነኝ። ተሳስቼ ሰምቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ለምን እንደተገደሉ እኔም አላውቅም» አለች፣ እውነቷን። «የማውቀው ገዳዩ ፍላሹን መውሰዱንና የደብተሩን ቅጠል መገንጠሉን ነው። ሰው እንዳያየው የፈለገው ፕሮግራም አለ። ፕሮግራም ግን ድጋሚ አለው።»

ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ሐዲድ ታየ፣ ቀጥሎ በረሃ፣ ቀጥሎ የድሬዳዋ ጣቢያ በጥቁርና ነጭ። ዐረብኛ የሚናገር ድምፅ ሻዕባን ብቻ የሚገባውን ያወራል። ሎኮሞቲቩ መጣና ቆመ። በመስኮቱ አንድ ቀጭን ነጂ አንገቱን አወጣ። ካሜራው ወደ ታች ወረደ፤ አንድ ጎረምሳ በቡትቶ ጎማውን ይወለውላል። የግራ ጆሮው ጫፍ የለም። ቀና ብሎ ወደ ካሜራው ሳቀ።

«ጋሼ ደባልቄ» አለ ከኋላ አንድ ሰው፤ በመገረም እንጂ በክፋት አልነበረም።

አቶ ደባልቄ ዓይናቸውን ከጎረምሳው አላነሱም።

«ትናንት በስልክ ጠርቶ የቀዳውን አሳየኝ» አሉ። «'ነገ ድጋሚው ላይ ጎረቤት ልጥራ ብዬ ነበር፤ ካልፈለግህ አልጠራም' አለኝ። አላመንኩትም። አርባ ዓመት በነጂነት የተከበርኩ ሰው ነኝ። ፍላሹን ልነጥቀው ታገልን፤ ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም።»

«እሺ፣ ሻዕባንስ?» አለች የወርቅውሃ። ተቆጥታ ነበር፤ አልደበቀችውም። «እሱን ማን ገፋው? በእርስዎ ቃል ነው የታሰረው።»

ሳጅን ዳበሳ አንገቱን ደፍቶ ካቴናውን ከሻዕባን እጅ ፈታ። ሻዕባን የእጁን አንጓ እያሻሸ ወደ ሚስቱ ሮጠ።

ማናለብሽ ሎኮሞቲቩን ከሐዲዱ አንስታ ወደ ወንበሩ ሄደች።

«አባዬ ነጂ እንዳልነበርክ ያውቅ ነበር፣ ጋሼ። ገና ድሮ። ፍሬኑን በየትኛው እጅ እንደሚይዙት ስታሳየው ነው የነቃው። ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል። 'ያን ጊዜ አላስነዱትም፤ እኔ ዘንድ ይንዳ' ይለኝ ነበር።»

ሎኮሞቲቩን ገልብጣ ሆዱን አሳየቻቸው። በሚስማር ተጭሮ «ነጂ፦ ደባልቄ» ይላል።

አቶ ደባልቄ ቆርቆሮውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቀይ ሻሽ ያደረገውን ትንሽ ነጂ፣ እጁን ከፍሬኑ ጋር ያጣበቀችውን ቀጭን ሽቦ፣ አስተውለው አዩ።

«ፍሬኑ በቀኝ ነው ለካ» አሉ።