የገብረ ጻድቅ ግራ እጅ

ሙት በሌሊት ይመጣል ይላሉ። የእኔ ባል የሚመጣው ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ምስር ስለቅም ነው። ብርዑ ብራናው ላይ ጫር፣ ጫር ሲል ከጓዳ ይሰማኛል።

«ገብረ ጻድቅ፣ ዛሬ እንኳ እረፍ እንጂ!» እለዋለሁ። በሕይወቱም ሰምቶኝ አያውቅም።

የተገናኘነው አልዩ አምባ ገበያ ላይ ነው። እኔ የአባቴን የፍየል ቆዳ ልሸጥ፣ እሱ ለብራና ሊገዛ። ቆዳውን አንሥቶ ወደ ፀሐይ ዘረጋና በአንዲት ቀዳዳ አጮልቆ አየኝ። ቆየ።

«ደብተራው፣ የምትመረምረው ቆዳውን ነው ወይስ ሰዉን?»

«ቆዳው ቀዳዳ አለው።»

«እኔስ?»

«አንቺን ገና አልጨረስሁም።»

ብሎ ራሱ ደነገጠ፤ ጆሮው ሁሉ ቀላ። በሦስተኛው ገበያ ሽማግሌ ላከ። አባቴ «ቀለም አብልቶ ሊያኖራት ነው?» እያሉ ቢያጉረመርሙም ሰጡኝ።

የአንኮበር መኳንንት እሱ ያልጻፈውን ዳዊት አይገዙም ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲሄድ መኳንንቱም ተከትለው ሄዱ። በዚያው ክረምት ቁልቁለቱ ላይ ገብረ ጻድቅ የተቀመጠባት በቅሎ አንሸራትቷት ስትወድቅ የቀኝ እጁን ጣቶች ከድንጋይ ጋር አጣብቃ አደቀቀችበት። ጎረቤቱ ሁሉ ግደላት ቢለው፣ «እሷም እኮ ደንግጣለች» አለ። ወጌሻው አሽቶ አሽቶ፣ «ለመጉረስ ይሆናል፤ ለብርዕ ግን እንጃ» ብሎን ሄደ።

ገብረ ጻድቅ እጁን አቅፎ ሦስት ቀን ተቀመጠ። በአራተኛው ብርዑን በግራው ይዞ ቁራጭ ብራና ላይ ጀመረ።

«ይሄ ሀ ነው ወይስ የተገለበጠ በርጩማ?» አልሁት።

«አቃንተሽ ተቀመጭበት» ብሎ ሳቀ። ከወደቀ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር።

የሚጽፈው በር ዘግቶ ነበር። የደብራችን አለቃ ኪዳነ ማርያም ግራ እጅ ለቅዱስ መጽሐፍ አይነሣም ባይ ናቸውና። በሁለተኛው ዓመት አንድ ዳዊት ጨረሰ፤ ፊደሉ በማኅሌት የቆመ ካህን መሰለ፣ ቀጥ ብሎ። ቆዳ ሊገዛ ቆላ ወርዶ ይዞት የመጣው ንዳድ ግን በሳምንቱ ወሰደው።

«ደምዬ፣ ዳዊቱን ለደብሩ ስጪልኝ። ይድገሙበት» አለኝ፣ ግራ እጁ በእጄ ውስጥ እየጋለ።

አለቃ ደጀ ሰላም ላይ ገልጠው አዩት።

«እንዲህ ያለ እጅ ከእንግዲህ አናገኝም። ሳይጎዳ የጻፈው ነው፤ በቀኙ ነው መቼም፣ ልጄ?»

ያ ትኩሳት መዳፌ ላይ ተሰማኝ።

«በቀኙ ነው፣ አባቴ።»

ተቀበሉኝ፤ መረቁኝም። ቤቴ ስገባ ያ ጫር፣ ጫር ጀመረ።

ዓመቱን ሙሉ ሰው «ያ ቀኝ እጁ!» እያለ ሲያደንቅልኝ፣ ባሌን ሁለት ጊዜ የቀበርሁት መሰለኝ። ያ ግራ እጅ ሁለት ዓመት ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሣ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። የካድሁትም እኔው።

በሙት ዓመቱ ካህናቱ ከአለቃ ጋር ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው በዚያው ዳዊት ሲደግሙለት፣ የያዝሁትን የጠላ ገንቦ መሬት አስቀመጥሁ።

«አባቴ፣ ዋሽቻለሁ። በግራው ነው የጻፈው።»

ደጋሚው አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንዱ ቄስ ዋንጫውን ሳይቀምስ መለሰ፤ ይህ በአገራችን ታይቶ አያውቅም።

«ለምን ዋሸሽኝ?» አሉ አለቃ።

«እንዳይመልሱት ፈርቼ።»

«እመልሰው ነበር።»

ዳዊቱን ተቀብለው አንድ ቅጠል ገለጡ፤ ሌላም ገለጡ። ጣታቸውን በመስመሩ ላይ ቀስ አድርገው አስኬዱ። ከዚያ ዓይናቸውን ከእኔ አሽሽተው፣ «ዓመት ሙሉ ጸለይንበት እኮ» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። መጽሐፉንም ለደጋሚው መለሱለት።

«ከተውህበት ቀጥል።»

ቀጠለ። በቀብሩ ቀን ጮኼ አልቅሻለሁ፤ ያ ለሰው ነበር። ያን ቀን ግን ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ፣ ድምፅ ሳላወጣ፣ ለገብረ ጻድቅ አለቀስሁለት።