ሸሪፍ ሥራ ሲገባ

«አይ ማይሊ፣ ይቅርብሽ» አለች ሶልቬግ፣ የድመቱን የሽቦ ቤት በር በጀርባዋ ከልላ።

«ምን ይቅርብሽ ይባላል? ሁለት ነጥብ እኮ ነው! ዳኛዋ ‹ድመቱ የሚተኛበት ለስላሳ ነገር የለውም› ስትል አልሰማሽም? ሹራቤን አንጥፊለት፣ ተመልሳ ስትመጣ ታየዋለች፣ አለቀ!»

«አይ፣ ይበርድሻል።»

ሁለት ጊዜ «አይ» አለች ማለት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ደግሞ ሁለት «አይ» ከቁጥር አይገባም። ኬክ ሲያቀርቡልህ ሁለቴ «አይ» ትላለህ፣ በሦስተኛው ትወስዳለህ። የምር ካልፈለግህ ሦስተኛውን «አይ» ማለት ይኖርብሃል፤ ሦስተኛው ግን ምክንያት ያስጠይቃል። ሶልቬግ ምክንያቷን ከምትናገር ድመቱን ታቅፋ ሐይቅ ብትገባ ይሻላት ነበር።

«ኧረ ውሰጂው!» አለች ማይሊ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

የሶልቬግ አፍ ተከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ማይሊ በክንዷ ሥር ሾልካ ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን ፀጉራም ሹራብ ወደ ውስጥ ከተተችው። ድመቱ ሸሪፍ ያንን ትልቅ ብርቱካናማ ጭንቅላቱን ቀና አደረገ።

የካውንቲው የቤት ድመቶች ውድድር ሊያልቅ ግማሽ ሰዓት ቀርቶታል። በአዳራሹ ሠላሳ አንድ ድመቶች በሠላሳ አንድ የሽቦ ቤቶች ውስጥ ተቀምጠዋል። ከእያንዳንዱ የዕድሜ ክልል አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ ወደ ግዛቱ ታላቅ ውድድር ያልፋል። ሶልቬግ ይህን መመኘት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ዛሬ ደግሞ ተሳክቶላታል! የግድግዳው ሰሌዳ ላይ ስሟ ከላይ ነው፤ ሁለተኛው ኮልተን በአራት ነጥብ ልዩነት ይከተላታል፣ ሦስተኛዋ ማይሊ ናት። ልቧ ከጠዋት ጀምሮ ድው ድው እንዳለ ነው፤ ቁርስም አልበላች።

ይህን ሁሉ ገደል ሊከት የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር። እሱም የሸሪፍ አመል ነው።

ሸሪፍ ከተኮላሸ አራት ዓመት ሆኖታል። ሆኖም በየምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን የአሻንጉሊት ዳክዬውን በአፉ ይዞ፣ ለሟች እንደሚያለቅስ ሰው እያላዘነ ሳሎን ይመጣል። ከዚያ ዳክዬውን ማጅራቱ ላይ ነክሶ ይወጣበታል፤ የኋላ እግሮቹን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ ዓይኑን ጨፍኖ... በቃ፣ ተውት። የሶልቬግ እናት የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች፣ አባትየው ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ አንዳቸው «ሸሪፍ ሥራ ገባ» ይላሉ፣ ሌላ ቃል አይነገርም። አንድ ጊዜ ፓስተሩ ሊጠይቋቸው መጥተው ሳለ ዳክዬውን እጫማቸው ላይ አስቀምጦ ሥራውን ጀመረ። እናትየው ያን ዕለት እስከ ጆሮዋ ቀላች። የእንስሳት ሐኪሙ ግን ስቆ፣ «የተኮላሹትም ያደርጉታል። አንዱ ሲደሰት፣ ሌላው ሲሰለቸው። በሽታም ብልግናም አይደለም» ብሎ ሸኛቸው።

ለሶልቬግ ይህ መጽናኛ አልሆናትም። ተወዳዳሪ ልጅ ሁሉ ድመቱ ምን እንደበላና ምን እንዳደረገ በየሰዓቱ የሚጽፍበት የስድሳ ቀን መዝገብ አለው። ሠላሳ ነጥብ ይይዛል። በሶልቬግ መዝገብ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በሚለው መስመር ላይ፣ ለስድሳ ቀን በተከታታይ አንድ ቃል ብቻ ተጽፏል፦ «ጨዋታ»። ዛሬም ከሽቦው ቤት ፀጉራም ነገር እንዲጠፋ ብላ ነበር የቤቱን ማስጌጫ ሐይቅ በሰማያዊ ላስቲክ፣ ዓሣዎቹን በካርቶን የሠራችው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሸሪፍ ሹራቡን አሸተተ። አንገትጌውን ነከሰ። ከዚያ ያንን የለመደ የልቅሶ ድምፁን አወጣ፤ አዳራሹም ፀጥ አለ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ሶልቬግ በልቧ። «ዛሬ ተው፣ ሸሪፍ፣ እባክህ ዛሬን ተወኝ!»

ሸሪፍ ሥራ ገባ።

«እዩት! እዩት!» ብሎ ጮኸ ኮልተን ከማዶ። ዐሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ሁለተኛ ወጥቷል፣ ያ ቁስል እስካሁን አልሻረለትም። ጠዋት ውጭ በኳስ ውርወራ ጨዋታ ያሸነፈውን ትልቅ ሰማያዊ የአሻንጉሊት ድብ፣ የተጠቀለለበትን ላስቲክ እንኳ ሳይፈታ፣ በብብቱ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ይሄ ድመት አልተኮላሸም! ሕጉ የተኮላሸ ብቻ ነው የሚለው! ወይዘሮ ክሩግ! ወይዘሮ ክሩግ!»

ሰው ተሰበሰበ። ስልክ ያወጣም ነበር፤ አንዲት እናት የልጇን ዓይን በእጇ ሸፈነች። ዳኛዋ ወይዘሮ ክሩግ መነጽራቸውን አስተካክለው ደረሱ፣ የሽቦውን ቤት ከፈቱ፣ ሸሪፍን በግድ ከሹራቡ ላይ አንስተው ጭራውን ወደ ላይ አደረጉና ጎንበስ ብለው ተመለከቱ።

«ተኮላሽቷል» አሉ። «ያውም ምንም ሳይተርፍ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሶልቬግ ፊቷ እሳት ሆነ።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው?» አሉ ወይዘሮ ክሩግ። «ይህን ነገር ቤት ውስጥም ያደርገዋል?»

እዚህ ላይ ምላሷ ቀደማት። «በጭራሽ! ሹራቡ ነው! የማይሊ ሹራብ ነው፤ የእሷ ድመት ሽታ አለበት።»

ሳቁ ቆመ። ሁሉም ዞሮ ፓፓያን፣ የማይሊን ባለ ሦስት ቀለም ድመት፣ ማየት ጀመረ። ወይዘሮ ክሩግም ዞሩ።

«ያልመከነች ሴት ድመት ሽታ ወንዱን እንዲህ ያደርገዋል። ወንዱ መኮላሸቱን በዓይን አይቶ መለየት ይቻላል፣ የሴቷን ግን አይቻልም» አሉ ቀስ ብለው። «ማይሊ የኔ ልጅ፣ የቀዶ ጥገናዋን ወረቀት ይዘሻል?»

«ቤት ነው!» አለች ማይሊ። «ግን ተደርጎላታል! ዐሥር ሌሊት አጠገቧ ወለል ላይ ነው የተኛሁት!»

«አምንሻለሁ። ጥርጣሬ ከተነሳ ግን ውጤት ከመነገሩ በፊት ወረቀቱ መቅረብ አለበት። የሚያመጣልሽ ሰው አለ?»

«እናቴ ሥራ ላይ ናት። ቤታችን የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው።»

ወይዘሮ ክሩግ ሰዓታቸውን አዩ። ሃያ ደቂቃ ቀርቷል። የማይሊን ስም ሊሰርዙ ብዕራቸውን አውጥተው ወደ ሰሌዳው ሄዱ።

ማይሊ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻል ነበር። እጅጌ በሌለው ካናቴራዋ፣ በዚያ እንደ በረዶ በሚቀዘቅዝ አዳራሽ ውስጥ፣ ክንዶቿን አቅፋ ሶልቬግን አየቻት።

«የሰጠሁሽ እኮ ነጥብ እንድታገኚ ብዬ ነው» አለች።

ሶልቬግ ቀና ብላ ሰሌዳውን አየች። ዝም ብትል አንደኛ ናት፣ ብትናገር ግን የመዝገቧ ውሸት ይጋለጣል! ሃያ ደቂቃ ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ የግዛቱ ውድድር፣ ትልቁ አዳራሽ፣ የሦስት ዓመት ምኞት። ለማይሊ በኋላ ይቅርታ ትጠይቃታለች፣ አይስክሬም ትገዛላታለች። ይህን አስባ ሳትጨርስ ራሷን ጠላችው።

«ኮልተን!» አለች። «ድቡን ስጠኝ።»

«ምን? አትፎግሪ ባክሽ!»

«አልፎግርህም። ከላስቲኩ አልወጣም አይደል? ድመት የሚባል ነክቶት አያውቅም። ስጠኝ አልኩህ! ወይዘሮ ክሩግ፣ አንዴ ይምጡ፣ ሳይጽፉ ይምጡ!»

ድቡን ከኮልተን ብብት መንጭቃ ላስቲኩን በጥርሷ ቀደደችው። ሹራቡን አውጥታ ድቡን አስገባች። ሸሪፍ ጆሮውንና ጢሙን ወደ ፊት አድርጎ አንዴ ዞረው። ደግሞ አንዴ ዞረው። ሶልቬግ በሕይወቷ ሙሉ «አድርገው» ብላ ለምናው አታውቅም፤ አሁን ለመነችው።

ሸሪፍ የድቡን ማጅራት ነከሰ።

«ድቤን!» ብሎ ጮኸ ኮልተን።

«ሸሪፍ ሥራ ገባ!» አለች ሶልቬግ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳሎናቸው ውጭ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወደ ወይዘሮ ክሩግ ዞረች። «ሹራቡ አይደለም፣ ፓፓያም አይደለችም! በየቀኑ ያደርገዋል። ዳክዬ አለው። ፓስተራችን ጫማ ላይ ሳይቀር አድርጎታል። ሐኪሙ ‹የተኮላሹትም ያደርጉታል› ብሎናል። አፍሬ ነው የዋሸሁት።»

አንድ ሰውዬ ከኋላ ሆኖ «የኛም በሶፋው ትራስ ላይ ነው!» አለ። አንዲት ሴት «የኛ በባለቤቴ ነጠላ ጫማ!» ብላ ተከተለችው። ከዚያማ ሳቁ ሌላ ሳቅ ሆነ፤ የልጇን ዓይን የሸፈነችው እናት ሳትቀር እጇን ለቅቃ ሆዷን ያዘች። ሶልቬግም ሳታስበው ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ነው የሳቀችው። ወይዘሮ ክሩግ የማይሊን ስም ከሰሌዳው ሳይነኩ ተመልሰው መጡ።

ግን እጃቸው ላይ የሶልቬግ መዝገብ ነበር። ገለጡት። ደግሞ ገለጡት።

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ጨዋታ» ብለው አነበቡ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼሻለሁ። ስለ ድመቱ እያወቁ ሐሰት ከጻፉ ደግሞ መዝገቡ ዜሮ ነው የሚሆነው። ጨዋታ መስሎሽ ነው እንዲህ የጻፍሽው?»

የማምለጫው በር ወለል ብሎ ተከፍቶላታል። ማይሊ ድናለች፤ ከዚህ በኋላ የሚጎዳ ማንም የለም።

«አይ» አለች ሶልቬግ።

«ልጆች ቃሉ ሲጠፋቸው ሌላ ቃል ይተካሉ። ቃሉ ጠፍቶሽ ነው?»

«አይ።»

ወይዘሮ ክሩግ የዚያው አገር ሰው ናቸው። ሁለተኛውን «አይ» ሰምተው ብዕራቸውን ወረቀቱ ላይ ሳያሳርፉ ጠበቁ። ሠላሳ ነጥብ ከላይዋ ሲነሳ የት እንደምትወድቅ ሶልቬግ ሰሌዳውን ሳታይ ታውቀዋለች።

«እንግዲያው ለዚህ ዓመት እንደ ጨዋታ ልቁጠረው?» አሉ።

ሸሪፍ ድቡን ለቅቆ እግሩን ይልስ ጀምሯል፤ እፍረት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሶልቬግ እሱን አየች፤ ማይሊን አየች፤ ሰሌዳውን ግን አላየችም።

«አይ» አለች፣ ለሦስተኛ ጊዜ።

ብዕሩ ወረቀቱን ነካ። ኮልተን አንደኛ መሆኑን ሲሰማ ጣሪያ እስኪነካ ዘለለ፤ ድቡን ግን ሊወስድ አልፈለገም። ማይሊ ሹራቧን ከመሬት አነሳች፣ አንገትጌው ላይ የሸሪፍን የጥርስ ምልክት አየች፣ በሁለት ጣቷ ይዛ ለሶልቬግ ዘረጋችላት።

«አንቺ ነሽ የምታጥቢው» አለች። «ሁለቴ።»

«ሁለቴ» አለች ሶልቬግ።

ማይሊ አልሳቀችም፤ ግን ወደ ራሷ ጠረጴዛ አልተመለሰችም። ሶልቬግ ጃኬቷን አውልቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላትና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጠች። መዝገቡን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስድሳውን «ጨዋታ» እንዳለ ተወችው። ከሥሩ ባዶ የነበረውን የዛሬን መስመር ፈልጋ፣ ቀኑን ጻፈች፣ ከዚያ በጥንቃቄ፣ በሚነበብ ጽሕፈት፦

«ሸሪፍ ሥራ ገባ። ሁለት ጊዜ። ሕዝብ ፊት።»