«ደንባችንን አልጣሰም»

«ያው ነው መልሱ!» አፖንዲ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረችው። «ፎቶው ይጥፋ ብዬ አሥራ አንድ ጊዜ ጠቆምኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ ‹ደንባችንን አልጣሰም› አሉኝ። እስቲ መጥተው የአባባን ግንባር ይዩታ!»

አባቷ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝተዋል። ግንባራቸው ሰባት ቦታ ተሰፍቷል። ትናንት ኪሱሙ ገበያ ዓሣ ሲሸጡ አንዱ «ሕፃን ሰራቂው ይኸው!» ብሎ ጮኸ፤ የቀረው በድንጋይ ሆነ። ጦሱ ሁሉ የመጣው ኢንተርኔት ላይ ከተለጠፈ አንድ ፎቶ ነው፤ አባቷ የሚያለቅስ ሕፃን ብስክሌት ላይ አስቀምጠው ሲሄዱ። ከሥሩ በአገሬው በሉኦ ቋንቋ «ሕፃን ሰራቂ ነው፤ ያገኘው አይማረው» ተብሏል። ሕፃኑ እኮ የገዛ ልጃቸው የአኬዮ ልጅ ነው! ክትባት ሊወጋ ሲሄድ የማያለቅስ ማን አለ?

አኬዮ ታላቅ እህቷ ናት። ጉዱን ሰምታ ዛሬ ከናይሮቢ መጣች። እዚያ ፎቶው ለወጣበት ለዚያው ኩባንያ ተቀጥራ፣ ሰው የጠቆመውን ሁሉ ስክሪን ላይ እያየች «ይጥፋ» ወይም «ይቆይ» ትላለች።

«አንቺ እዚያ ተጎልተሽ እንዴት አላየሽውም?» አለቻት አፖንዲ።

«አይቼዋለሁ።»

አፖንዲ ጆሮዋን ማመን አቃታት።

«ሰኞ እኔው ጋ መጣ። ግን የምታውቁት ሰው ከሆነ አትፍረዱ፣ ለሌላ አሳልፉ ነው ደንቡ። አሳለፍኩት። የደረሰው ባልደረባዬ ሉኦ አይሰማም፤ ለአንዱ ፎቶ የሚሰጡን ደግሞ ሃምሳ ሰከንድ ነው። ሽማግሌና ሕፃን አየ፣ ይቆይ አለ።»

«አንቺስ ዝም አልሽ?»

«ለአለቃዬ ነገርኩት። ‹ደንቡን አክብረሻል፣ ሥራሽን ቀጥዪ› አለኝ። ለውጭ ሰው ትንፍሽ እንዳልል ፈርሜያለሁ፣ አፖንዲዬ። ከተባረርኩ ምን ሊውጠን ነው?»

ከመጋረጃው ወዲያ የአባታቸው ድምፅ መጣ። «ልጆች፣ መረቤን የት አደረጋችሁት? ማታ አጥምጄ ነገ ገበያ እወጣለሁ።»

«አባባ፣ ይገድሉዎታል እኮ!» አለች አፖንዲ።

«ታዲያ እንደ ሌባ ተደብቄ ልኑር?»

አፖንዲ ስልኩን ከአልጋው አንስታ ከፈተችው። ምን ብላ ታስቀራቸው? ሰው ፎቶውን አሁንም እየተቀባበለው ነው።

ስልኩ ጠራ። ጠዋት አቤቱታዋን የላከችላት ጠበቃ ነች።

«ኩባንያውን ልንከስ ነው» አለች ጠበቃዋ። «ግን እነሱ ሁልጊዜ ‹ማሽን ነው የፈረደው፣ ሰው አላየውም› እያሉ ያመልጣሉ። ከውስጥ ያየ ሰው ታውቂያለሽ?»

አኬዮ ጠጋ ብላ ሰምታለች። እንዳትናገር በዓይኗ ለመነቻት። አፖንዲ ንዴቷ ጥሏት ሄደ። የእህቷ እንጀራ ነው፤ «አላውቅም» ብትል ማን ይፈርድባታል? ከመጋረጃው ወዲያ አባቷ እያቃሰቱ ሸሚዛቸውን ይለብሳሉ።

«አውቃለሁ» አለች። «ስሟን ግን እኔ አልናገርም።»

ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ስልኩን በመካከላቸው ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«ሄሎ? አለሽ?» አለች ጠበቃዋ።

አኬዮ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

«አኬዮ ኦዌሬ እባላለሁ» አለች። «ሰኞ ዕለት አይቼዋለሁ።»