ከአሥር ባልዲ ሁለቱ

«አራተኛው ላይ ምን ይላል? ቀስ ብለሽ አንብቢው እስቲ» አለ አጎቷ፣ ሁለት እጁን እስከ ክርኑ ገንዳው ውስጥ እንደነከረ።

ልጅቷ ቅጹን ከረጠበው ጠረጴዛ ላይ አነሳችና ለሦስተኛ ጊዜ አነበበችው። «‹ምርቱ ከተሠራበት ወረቀት ውስጥ፣ በተጠቃሚ እጅ ገብቶ አገልግሎት ከሰጠ በኋላ የተጣለው ስንት በመቶ ነው?› ይላል። ከሥሩ ደግሞ በደቃቁ ‹ከሃምሳ በመቶ በታች የሆነ ምርት የቅድሚያ ግዥ መብት አይኖረውም› ብሎ ጽፏል።»

«ታዲያ ምኑ ነው ግራ የሚያጋባው? ሃምሳ በያ።»

«እንዴት?»

ስሟን ያስረሳባት ይህች ቃል ናት። አፏን ከፈታች ጀምሮ «እንዴት?» ሳትል የተቀበለችው ነገር ስለሌለ ቤተሰቡ በሙሉ እንዴትዬ ይላታል። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ቁመቷ እናቷን አልፎ፣ ዛሬም እንዴትዬ ናት። መምህሯ ሳይቀር አንድ ቀን አምልጧቸው በዚሁ ስም ጠርተዋታል።

ከቤታቸው ጀርባ ባለው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ እናቷና አጎቷ ወረቀት ይሠራሉ። ወረቀት ይቀዳደዳል፣ ይዘፈዘፋል፣ ይፈጫል። ሊጥ መስሎ ሲወጣ ወንፊት በተወጠረበት ፍሬም ይጨለፋል፣ ይጨመቃል፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በመጨረሻም ታጥፎና ተለጥፎ የቢሮ ማኅደር ይሆናል። ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ መመሪያ አወጣ። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዕቃ ሲገዙ፣ ካገለገለ ነገር ተመልሶ የተሠራውን አስቀድመው መግዛት አለባቸው ተባለ። እናቷ ይህን የሰማች ቀን ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ለብቻዋ ስትስቅ ነበር።

የመጀመሪያውን ናሙና የሠሩት ከመድኃኒት ቤቱ፣ ከትምህርት ቤቱና ከጎረቤት ከለቀሙት አሮጌ ወረቀት ነው። ማኅደሩ ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ያልተፈጨ ፊደል ብቅ ይላል። የማዘጋጃ ቤቱ ግዥ ክፍል ሴትዮ አገላብጣ አየችውና «ጥሩ ነው፣ ግን ያረጀ ይመስላል። ነጣ ያለ የላችሁም?» አለች። ስለዚህ እናቷ ማተሚያ ቤት ሄዳ፣ ማሽኑ ከመጻሕፍት ጠርዝ የሚቆርጠውን ነጭ ቁርጥራጭ በጆንያ ማምጣት ጀመረች። አሁን ከአሥር ባልዲ ስምንቱ ይኸው ቁርጥራጭ ነው፤ አሮጌው ወረቀት ሁለት ባልዲ ብቻ ነው። ማኅደሩ ነጣ፣ ሴትዮዋም ወደደችው። ከዚያ ይህ ቅጽ መጣ።

«ቁርጥራጩን እኮ ማንም አልተጠቀመበትም» አለች ልጅቷ። «ከማሽኑ በቀጥታ ወደ ጆንያው ነው የገባው።»

«ቆይ አቦ፣ ይሄማ ቀላል ነው።» አጎቷ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ከጆንያው አንድ ቅዳጅ መዘዘ። ከጆሮው ጀርባ እስክሪብቶ አውጥቶ «ሰላም ነው?» ብሎ ጻፈበት። አነበበው። ከዚያ ገንዳው ውስጥ ወረወረው። «ይኸው። በተጠቃሚ እጅ ገባ፣ አገልግሎት ሰጠ፣ ተጣለ። ሌላ ምን ቀረው?»

ልጅቷ ሳቀች። ወዲያው ግን ሳቋን ቆረጠችው፣ ምኑ ላይ ልክ እንዳልሆነ መናገር ስላቃታት።

የሒሳብ የቤት ሥራ ስለነበረባት አንድ ቅዳጅ አንስታ ጠረጴዛው ጥግ ላይ መሥራት ጀመረች። ሰባተኛውን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ተሳስታ በሦስተኛው አገኘችው። መልሱን ደብተሯ ላይ ገለበጠችና ቅዳጁን ልትጥለው ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። ይህኛውን እኮ የምሯን ተጠቅማበታለች፣ ሥራውንም ጨርሷል። ታዲያ የእሷ ቅዳጅ ከቆጠረ የአጎቷ «ሰላም ነው?» ለምን አይቆጥርም? የአጎቷ የማይቆጥር ከሆነስ የእሷን ማን ይቆጥርላታል? ቅዳጁን ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

እናቷ ባዶ ጆንያ ትከሻዋ ላይ ጥላ ገባች። ቅጹን ራሷ ነበረች የሞላችው፤ ፈርማበታለች፣ ክብ ማኅተሙንም አሳርፋበታለች። ባዶ የቀረው አራተኛው ሳጥን ብቻ ነው።

«እሱን አንቺ ሙዪው፣ ያንቺ ጽሕፈት ያምራል» አለች። «ከትምህርት ቤት ስትመለሺ አስገቢልኝ። ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል።»

«ስንት ልበል፣ እማ?»

እናቷ ጆንያውን አጠፈችው፤ እንደገና ዘረጋችና እንደገና አጠፈችው። «የሚሆነውን በይ» አለችና ወጣች።

የሚሆነው ስንት ነው? የሚያስፈልገው ነው ወይስ የሆነው? ልጅቷ አጎቷን አየችው፤ አጎቷ ገንዳውን አየ።

ሌላው ሁሉ ቢምታታባት አንድ ነገር ግን ጥርት ብሎ ይታያት ነበር። እናቷ ሌላ ከተማ፣ አንድ ትልቅ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። ስትሄድ «ሁለት ሳምንት ብቻ ነው» ብላ ነበር የሄደችው። ልጅቷ አክስቷ ቤት ሆና ሁለት ሳምንቱን በጣቷ ቆጠረች፤ ከዚያ መቁጠር ተወች። አክስቷ ክፉ አልነበረችም። ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው፤ ጠግቦ የተነሳ ሰው እንኳ ሳሕኑን ቶሎ ያጥባል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዕቃ እያጠበች ሳለ እናቷ በስልክ «እስከ ወሩ መጨረሻ ልየው፣ የከተማው ትእዛዝ ካልመጣ እመለሳለሁ» ስትል ሰማች። ያን ቀን አንድ ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበች። መስማቷን ለማንም አልተናገረችም።

ስለዚህ ሃምሳ ማለት እናት ናት። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው።

ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀጥታ ማዘጋጃ ቤት ሄደች። ኮሪደሩ ላይ መጀመሪያ ያገኘችው የአካባቢ ጥበቃ ክፍልን ነበር፤ መመሪያውን ያወጡት እነሱ ናቸው ሲባል ስለሰማች አንኳኳች። ጠረጴዛው ኋላ አንድ መላጣ ሰውዬ ተቀምጠዋል።

«ጋሼ፣ የማተሚያ ቤት ቁርጥራጭ ያገለገለ ወረቀት ይባላል?»

«አይባልም» አሉ ሳያመነቱ። «ቁርጥራጩ ንጹሕ ነው፣ ወሳጅ አያጣም። እኛን ያስቸገረን ይሄ ነው።» በጫማቸው ጫፍ ከበሩ ጀርባ የተቆለለውን ጆንያ ነካ አደረጉት። አፉ ድረስ በአሮጌ ደብዳቤና በተቀደደ ሰነድ ተሞልቷል። «እያንዳንዱ ቢሮ በየሳምንቱ ይሄን ያህል ይጥላል። መመሪያው የወጣው ለዚህ ነው።»

«እኛ እኮ መጀመሪያ ከዚህ ዓይነቱ ሠርተን ነበር። ግራጫ ነው ተብሎ ተመለሰብን።»

«ማን ነው የመለሰው?»

«እዚያ ማዶ፣ ግዥ ክፍል ያሉት።»

ሰውዬው ወደ ግድግዳው ተመለከቱ፤ ድምፃቸውም ዝቅ አለ። «እሱን እንግዲህ እዚያው ጠይቂ» አሉ። የልጅቷ ዓይን ጠረጴዛቸው ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ነጭ የፕላስቲክ ማኅደር ላይ አረፈ። ሰውዬው ዓይኗን ተከትለው ጋዜጣ ሳብ አድርገው አለበሱት። ያን ሲያደርጉ ትንሽ አፈሩ።

ግዥ ክፍል መስኮት ጋ ስትደርስ አሥር ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሴትዮዋ ወዲያው አወቀቻት።

«የነጯ ማኅደር ልጅ አይደለሽ? አምጪ የኔ ቆንጆ።» መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ቅጹን በጣቷ እየተከተለች ወረደች። «አራተኛው ባዶ ነው።»

«እዚሁ ልሞላው ብዬ ነው። ግራጫውን ብናመጣስ ግን? እሱ እኮ አሥሩም ባልዲ አሮጌ ወረቀት ነው።»

«ግራጫውን አለቆቹ አይወዱትም፣ ልጄ።»

«መመሪያው ግን አሮጌ ወረቀት ነው የሚለው።»

«መመሪያው እንደሱ ነው የሚለው» አለች ሴትዮዋ፣ ሁለቱ ነገር ምንም ሳይጣላባት። «ሃምሳ በይና ጨርሺ። ሁሉም እንደዛ ነው የሚሞላው።»

«የሚያጣራ የለም?»

«ማን ወረቀት ሰንጥቆ ያያል? እኔ ራሴ ትእዛዙን እናንተ ብታገኙት ደስ ይለኛል፤ ሥራችሁ ያምራል።» እውነቷን ነበር፣ ከፊቷ ያስታውቃል። የራሷን እስክሪብቶ በመስኮቱ በኩል አቀበለቻት።

ልጅቷ እስክሪብቶውን ይዛ ቀረች። ክፉ ሰው ቢኖር ነገሩ ይቀላት ነበር፤ የሚያስፈራራት ቢኖር እምቢ ትል ነበር። እዚህ ግን ሁሉም ደግ ነው። አጎቷ ደግ ነው፣ ሴትዮዋ ደግ ናት፣ መላጣው ሰውዬም ከነጋዜጣቸው ደግ ናቸው። ሁሉም ግን አንድ ዓይነት ቁጥር ከጻፈ ቁጥሩ ለምን ይጠየቃል?

ቅጹን ከላይ ጀምራ አየችው። ስም፣ አድራሻ፣ የሥራው ዓይነት፤ ሁሉም በእናቷ እጅ የተጻፈ ነው፣ እኩል እኩል፣ አንድም ፊደል ሳይዛነፍ። ሰፈርተኛው ማመልከቻ ማጻፍ ሲፈልግ የሚመጣው እናቷ ዘንድ ነው። የልጅቷ ጽሕፈት ደግሞ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ነገር ነው፤ መምህሮቿ ሁሉ ይነጫነጩበታል። «ያንቺ ጽሕፈት ያምራል» ብላ ነው እንግዲህ የሰጠቻት። ቅጹ ቤት ከገባ ሦስት ቀኑ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እናቷ ያን ሳጥን ሳትሞላው ቆይታ፣ ማኅተሙን አሳርፋ፣ ሳጥኑን ለእሷ ተወችላት።

ተናደደች። በማዘጋጃ ቤቱ አይደለም፣ በእናቷ ነው። አንቺ ያልቻልሽውን ለምን ለእኔ? ወዲያውም አሳዘነቻት፤ አሳዝናትም ንዴቱ አልለቀቃትም። ሃምሳ ብላ ብትጽፍ እናቷ አጠገቧ ትቀመጣለች፤ በየቀኑ ግን አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን እየሸሹ ነው። ሃያ ብላ ብትጽፍስ? እሱን አላወቀችውም። ምንም አላወቀችም።

በማያምረው ጽሕፈቷ «ሃያ» ብላ ጻፈች።

ሴትዮዋ አጎንብሳ አየችው። «ሃምሳ ለማለት ነው?»

«አይደለም። ከአሥር ባልዲ ሁለቱ ነው።»

«ልጄ፣ ይሄ እኮ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ነው የሚታየው። ቅድሚያ የሚባለው ነገር አይኖራችሁም። እናትሽ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

ሴትዮዋ የቢሮዋን ማኅተም አንስታ ትንሽ ያዘችው። ከዚያ ቅጹ ላይ «ገቢ» የሚለውን መታችበትና ከክምሩ ላይ አስቀመጠችው።

ወደ ቤት ረጅሙን መንገድ ይዛ ቀስ ብላ ሄደች። ለእናቷ የምትነግራትን መንገድ ላይ ደጋግማ አዘጋጀች፤ ረጅም ነበር፤ መላጣው ሰውዬም ጋዜጣውም ነበሩበት። ስትደርስ አጎቷ የለም። እናቷ ለብቻዋ ግቢው ውስጥ ቆማ እርጥብ ወረቀት ገመድ ላይ ትሰጣለች። «መጣሽ?» አለቻትና ሥራዋን ቀጠለች።

ልጅቷ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እናቷ ትጠይቃታለች ብላ ጠበቀች። አንድ ወረቀት ተሰጣ፣ ሁለተኛው ተሰጣ፣ ሦስተኛውም። ጥያቄ የለም። ራሷ ባትናገር ዝም ብሎ ያልፍ ነበር፤ ቢያንስ እስከ ነገ። ያን ሁሉ ያዘጋጀችውን ትታ፣

«ሃያ ብዬ ነው የሞላሁት» አለች።

«አውቃለሁ» አለች እናቷ።

«እንዴት አወቅሽ?»

«ሴትዮዋ ደውላልኝ ነበር። ልጅሽ ተሳስታ ይሆናል፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነይና አስተካክዪው አለችኝ።»

ልጅቷ ስልኳ ላይ ሰዓቱን አየች፤ አሥራ አንድ ካለፈ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። ያን ጊዜ ነው ዓይኗ ወደ እናቷ እግር የወረደው። እናቷ የመውጫ ጫማዋን አድርጋለች፤ ሰው ቤት ስትሄድ ብቻ የምታደርገውን ጥቁሩን። በወረቀት ሊጥ ተለቅልቆ ሌላ ጫማ መስሏል።

«ሄደሽ ነበር?»

«በሩን ከፍቼ ወጥቼ ነበር» አለች እናቷ፣ ወረቀቱን በመዳፏ እያቃናች። «ከዚያ ተመለስኩ። ምን እንደመለሰኝ እኔ እንጃ። ደወልኩላትና ቁጥሩ ልክ ነው አልኳት።»

ከገመዱ ላይ ውሃው ይንጠባጠብ ነበር።

«ሆቴሉ ትመለሻለሽ?» አለች ልጅቷ።

እናቷ ዘወር ብላ አየቻት። ማን ነገረሽ አላለችም። በቀሚሷ ጫፍ እጇን ጠረገች፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

«አላውቅም» አለች። «እውነት አላውቅም፣ የኔ ልጅ።»

«እሺ» አለች ልጅቷ። እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ገንዳው ሄደች።