የጋሽ ደግፌ ተማሪ

ጋሽ ደግፌ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ባለው ስፌት ቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ ምሳ በወጣበት ሰዓት፣ ጭንቅላታቸው በካውያ ተመትቶ ሞተው ተገኙ። ውስጥ የቀሩት ሦስት ሴቶች ነበሩ፦ የስፌት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሰብሌ፣ ዘጠኝ ዓመት የጋሽ ደግፌ ረዳት የነበረችው ብርቅዬ እና አዲሷ አሠልጣኝ ሄቨን።

ኢንስፔክተር ኮከብ ስትደርስ ሄቨን በካቴና ታስራ ነበር። የሰፈሩ ፖሊሶች መቼም መቸኮል ይወዳሉ።

«ሁለቱ ዓይንና ናጫ ነበሩ» አለች ወይዘሮ ሰብሌ። «እሳቸው ጀማሪውን እጁን ይዘው ወር ሙሉ ያስተምራሉ። ሄቨን ደግሞ በስልክ ቪዲዮ አሳይታ በሳምንት ታደርሳለች። የማን ዘዴ እንደሚሻል ሰኞ ልወስን ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ታርቀናል!» ሄቨን አለቀሰች። «‹እስቲ እኔንም አሳዪኝ› ብለው ስልኬን ተቀበሉኝ።»

ማንም አላመናትም። ኮከብ ካውያውን ጎንበስ ብላ አየችው። ተስተካክሎ ቆሟል፤ ገመዱ ሦስት ዙር ተጠቅልሎበታል። ደሙ ከገመዱ ሥር ነበር።

«አሻራው አይጠቅመንም፣ ሁሉም ይይዙታል» አለች። ካቴናውን አስፈታችና ሦስቱንም ወደ ጎን ክፍል ወስዳ፣ በሌላ ካውያ አንድ አንድ ኮሌታ እንዲተኩሱ አዘዘች። እያንዳንዷን መሃል ላይ በወሬ አቋረጠቻት። ከዚያ ሰበሰበቻቸው።

«ገዳይዋ ከመታች በኋላ ሶኬቱን ነቅላ፣ ገመዱን በደሙ ላይ ጠቅልላ፣ ካውያውን አቁማዋለች። አስባ ቢሆን ደሙን በጠረገች። ይህን ያደረገው የለመደ እጅ ነው። አሁን ስትተኩሱ በወሬ ሳቋርጣችሁ፣ ወይዘሮ ሰብሌ ሶኬቱን እንኳ አልነቀሉም። ሄቨን ነቅላ ገመዱን መሬት ላይ ተወችው፤ ቪዲዮዋ ስለ መተኮስ እንጂ ስለ ገመድ አያወራም። አንቺ ግን ብርቅዬ፣ ከእኔ ጋር እያወራሽ፣ ሳታዪው፣ ሦስት ዙር ጠቀለልሽ። ጋሽ ደግፌ ያስተማሩት ከእጅ አይወጣም።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ብርቅዬ።

«ሄቨንን ጠልተሽ ከሆነ፣ እሳቸው ምን አደረጉሽ?» ወይዘሮ ሰብሌ ጮኸች።

«ሄቨን የትናንት ልጅ ናት፣ ምኔም አይደለች። እሳቸውን ጠዋት አየኋቸው፤ እንደ ተማሪ ፊቷ ቁጭ ብለዋል። ቀናሁ። አንጀቴ አረረ።» እንባዋ ወረደ። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ እኔን አንድ ቀን ‹እስቲ አሳዪኝ› ብለውኝ አያውቁም።»