የባልቴቷ መጋዝ

ሳጅን ካሪን ኬቱነን የካፖርቷን ቁልፍ እየሰፋች ነበር።

«ሬሳው ገና ሳይነሳ እርስዎ ልብስ ይሰፋሉ?» አለች ዶክተር ፕሩት።

«እጄ ሥራ ሲይዝ ጆሮዬ ይሰላል።»

የዶክትሬት ተማሪዋ ኤሪን ማኪ እኩለ ቀን ላይ ከታሪክ ትምህርት ክፍሉ ደረጃ ሥር አንገቷ ተሰብሮ ተገኝታለች። የወረቀት ቅዳጅ ጨብጣ ነበር፤ የቀረው ወረቀት የለም። ፎቁ ላይ አብረዋት የነበሩት ሦስት ሰዎች አሁን ከሳጅኗ ፊት ተቀምጠዋል፦ አማካሪዋ ፕሮፌሰር ሃስኬት፣ የክፍሉ መምህርት ዶክተር ፕሩትና አብሯት የሚማረው ጋሬት ሉንድ። ሦስቱም ወረቀቱን አላየንም ብለዋል።

«ቅዳጁ ላይ የመጽሐፍ ስም አለ» አለች ኬቱነን። «‹የሐይቁ በረዶ ቆራጮች›፣ የሃልቫርድ ኔስ ድርሰት። ታውቁታላችሁ?»

«ይሄን የማያውቅ ሰው እዚህ ምን ይሠራል?» አለ ሃስኬት። «በየዓመቱ አስነብበዋለሁ።»

«ሁለተኛው እትም ይሻላል» አለች ፕሩት። «የመጀመሪያው ልፍስፍስ ነው።»

«አንተስ፣ ወንድሜ?»

ጋሬት እንባውን ጠረገ። «ግሩም ነው። በተለይ ያቺ ባልቴት፣ የሰጠመ ባሏን መጋዝ ታቅፋ የምትተኛዋ።»

ኬቱነን መርፌውን ወጋች፤ ክሩን ሳበች።

«እንዲህ የሚባል መጽሐፍ የለም» አለች።

ሃስኬት ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ኤሪን» አለች ኬቱነን፣ «ጽሑፏን እየቀዳ የራሱ የሚያደርግ ሰው እንዳለ ገብቷት ነበር። ዛሬ ጠዋት መጽሐፉንም ባልቴቷንም ከራሷ ፈጠረች። አንድ ቅጂ ብቻ አትማ ጠረጴዛዋ ላይ ተወችው። ለእህቷ በስልክ ይህን ሁሉ ነግራ ‹ወጥመድ አጠመድኩ› ብላታለች። ቅዳጁ ላይ ያለው የመጽሐፉና የደራሲው ስም ብቻ ነው። ሁለቱ ምሁራን ስሙን ሰምተው ዋሹ፤ ልማዳቸው ነው። ባልቴቷ ግን ያለችው ከሟች እጅ በተነጠቀው ወረቀት ላይ ነው። ጋሬት፣ ይዘኸው ልትወርድ ስትል ደረጃው ላይ ደረሰችብህ። ወረቀቱን ያዘችው፣ ተቀደደ፣ ገፋሃት።»

«ከመመረቂያ ጽሑፌ አንድ ምዕራፍ ነበር የቀረኝ» አለ ጋሬት። «ለኮሚቴው እናገራለሁ አለች። ያባርሩኝ ነበር።»

«እንደ አስተማሪዎችህ ‹አንብቤዋለሁ› ብለህ ዝም ብትል ዛሬ ቤትህ ታድር ነበር።»

በሩ ላይ የቆመው ፖሊስ ይዞት ወጣ። ሃስኬት ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሳጅን፣ የልጅቷ ምዕራፎች እንግዲህ... ለማን ይሆናሉ?»

ኬቱነን ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ቁልፉን ሳብ አድርጋ ጥንካሬውን አየች፤ መርፌውን የክሩ ድውር ላይ ሰክታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።